የፈረሰ አገር በምን ይሠራል? ከሩዋንዳ የምንማረው

(በኮሚቴያችን ጠሪነት ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

 

ከሥራ ደክማችሁ ስትመለሱ ማረፍ ሲገባችሁ ጥሪያችንን አክብራችሁ በመምጣታችሁ በቅድሚያ ምስጋናችንን እናቀርባለን። እንደ ሌላው ጊዜ ስለ ማስካንታ ወይም ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ለመነጋገር አልጠራናችሁም። የዛሬው ጉዳያችን ሩዋንዳ ናት። "ሩዋንዳን ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?" የምትሉ እንደምትኖሩ ስለምናውቅ ከምክንያቱ እንጀምራለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እንደሚታወቀው በሰሜን ኢትዮጵያ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት የፈጀ ጦርነት ተካሂዶ፣ በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመ ስምምነት ቆሟል። ትግራይ፣ አማራና አፋር ክፉኛ ተጎድተዋል። ይህ ሳይበቃ በ2023 በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። ብዙዎቻችን የተወለድንበት፣ የወላጆቻችን መቃብር ያለበት፣ ዛሬም ዘመድና ጎረቤት የቀረልን አገር ነው። ስለዚህ እኛ የኮሚቴው አባላት በየቤታችሁ እየዞርን ገንዘብ ሰብስበን ልከናል። በተላከውም እህልና ዘይት ተገዛበት፤ ተበላ። በሦስተኛው ወር ስልኩ እንደገና ጮኸ። እንደገና ሰብስበን ላክን፤ ያም ተበላ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንዞር በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት እናታችን ሁለት መቶ ሸቀል ከመቀነታቸው ፈትተው እየሰጡን እንዲህ አሉን፤ "ልጆቼ፣ መስጠቱ አይከብደኝም። ግን ወንድሜ እስከ መቼ ነው የሚበላ ብቻ የሚላክለት? የፈረሰው ቤቱስ በምን ይሠራል?"

መልስ አልነበረንም። በዚያው ሳምንት አንድ ወንድማችን ደግሞ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ጠየቀን። "ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ ታውቃላችሁ? የአጎቴን ቤት ላቃጠለውም ጭምር ነው እንዴ የምንልከው?" አለ። ለእርሱም መልስ አልነበረንም።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እንቅልፍ ስለነሡን፣ ከእኛ ይልቅ የከፋ የደረሰበትን አገር ፈልገን እንዴት እንደተነሣ ለመመርመር ተስማማን። ሩዋንዳን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ምክንያትም አለን፤ በሩዋንዳ መነሣት ውስጥ የእኛም ልጆች ትንሽ ድርሻ አላቸው። ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን።

የፈረሰው ምን ነበር?

ሩዋንዳ ትንሽ አገር ናት፤ ስፋቷ 26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእስራኤል ብዙም አትበልጥም። አገሩ ተራራና ኮረብታ ነው። ሕዝቡ በሙሉ አንድ ቋንቋ፣ ኪንያሩዋንዳ ይናገራል፤ በአንድ መንደር ይኖራል፤ ይጋባል። ነገር ግን ሁቱና ቱትሲ ተብሎ ተከፍሎ፣ የቅኝ ገዢዎቹ ቤልጂጎች ይህንኑ በመታወቂያ ወረቀት ላይ ጽፈውበት ስለነበር፣ ያ ወረቀት ኋላ የሞት ፍርድ ሆነ።

በአፕሪል 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ። በማግሥቱ ጀምሮ በመቶ ቀናት ውስጥ፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ800 ሺህ በላይ፣ በሩዋንዳ መንግሥት ቆጠራ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቱትሲዎችና ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎች ታረዱ። ገዳዩ ከሩቅ የመጣ ጠላት አልነበረም፤ በአብዛኛው ጎረቤት ነበር። እኛ በዚህ አገር በየዓመቱ በዮም ሃሾአ ሲሬናው ሲጮኽ ቆመን የምናስበው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ሩዋንዳውያን በሚገባ ያውቁታል። በጁላይ 1994 የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር አሸንፎ ግድያው ሲቆም ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ዛየር፣ ወደ ታንዛኒያና ወደ ቡሩንዲ ተሰደደ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወታደሮችም በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ ሄደው ጸጥታ አስከብረዋል።

አዲሱ መንግሥት የተረከበው ምን ነበር? የአገሪቱ ምርት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወርዷል። የሸሸው መንግሥት የብሔራዊ ባንኩን ገንዘብ ይዞ ወደ ዛየር ስለተሻገረ፣ በ1995 መጀመሪያ አሮጌው ብር ተሽሮ በአዲስ እንዲለወጥ ተደረገ። ሐኪሙና መምህሩ ወይ ሞቷል፣ ወይ ተሰዷል፣ ወይ ታስሯል። እርሻው ጦም አድሯል። በየቤቱ የቀሩት በብዛት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች የቤት አባወራ ሆነው ታናናሾቻቸውን ያሳድጉ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የፈረሰው ግን መተማመን ነው። ድልድይ ቢፈርስ በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራል። ጎረቤቱን የማያምን ሰው ግን አብሮ አያርስም፣ አያበድርም፣ ገበያ አይወጣም። ምጣኔ ሀብት የሚባለው ነገር ሥሩ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ዘርና ዶማ

የእርዳታ ድርጅቶች በ1994 መጨረሻ ከምግብ ጋር ሌላም ነገር አከፋፈሉ፤ ዘርና ዶማ። ባቄላው፣ ቦሎቄው፣ በቆሎው በወቅቱ መሬት ካልገባ የሚቀጥለውም ዓመት የልመና ዓመት እንደሚሆን ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እናንተም ከወልቃይት፣ ከሰሜን፣ ከአርማጭሆ፣ ከሽሬ የመጣችሁ አባቶች ይህን ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ዘሩን የበላ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም።

ቀጥሎ መንግሥት የራሱን ገቢ መሰብሰብ ነበረበት። በ1997 አንድ የግብር መሥሪያ ቤት ራሱን ችሎ ተቋቋመ። ይህ ነገር ለጆሮ አይጥምም፤ ግብር የሚወድ ማን አለ? ነገር ግን የሰው አገር እጅ ብቻ እያየ የሚተዳደር መንግሥት፣ ሰጪው በተቆጣ ቀን ይወድቃል። ሩዋንዳም ለብዙ ዓመት የበጀቷን ትልቅ ክፍል ከውጭ እርዳታ ታገኝ ነበር። በ2012 በኮንጎው ጦርነት ምክንያት አንዳንድ አገሮች እርዳታቸውን ሲያቋርጡ ሕዝቡና በውጭ የሚኖሩ ተወላጆች የሚያዋጡበት "አጋቺሮ" የተባለ ፈንድ ተከፈተ። ቃሉ ክብር ማለት ነው።

ፍርድ በሣር ላይ

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንምጣ። ቤት ያቃጠለ፣ ሰው የገደለ ሰው በመንደሩ ውስጥ እያለ እንዴት አብሮ ይኖራል?

በሩዋንዳ እስር ቤቶች ከ120 ሺህ በላይ ሰዎች ታጭቀው ነበር። በመደበኛው ፍርድ ቤት ሁሉንም ለመዳኘት ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር ተብሎ ተሰላ። ስለዚህ ጋቻቻ የተባለውን የድሮ የመንደር ሸንጎ አሻሽለው አነሡት። ቃሉ ሰዎች የሚቀመጡበትን ሣር ያመለክታል። እኛ በዋርካ ሥር ሽማግሌ አስቀምጠን እንደምንዳኘው ማለት ነው። በ2002 በጥቂት ቦታ ተሞከረ፤ ከ2005 ጀምሮ በመላው አገር 12 ሺህ ያህል ሸንጎዎች በየሳምንቱ ተቀመጡ፤ በ2012 ሥራቸው ሲዘጋ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ክስ ታይቶ ነበር። ዳኞቹን የመረጣቸው የመንደሩ ሕዝብ ነው። ያመነ፣ ሬሳው የት እንደተቀበረ ያሳየ፣ ይቅርታ የጠየቀ ቅጣቱ ይቀልለት ነበር። ከቅጣቱም ከፊሉን መንገድ በመጥረግ፣ እርከን በመሥራት፣ የተረፉትን ሰዎች ቤት በመሥራት እንዲፈጽም ይደረግ ነበር።

ይህ ፍርድ ነውር የለውም አንልም። ተከሳሹ ጠበቃ አልነበረውም፤ በሐሰት የተከሰሱ ነበሩ፤ የመሰከሩ ሰዎች ተገድለዋል፤ አሸናፊው ጦር የፈጸመው በደል በዚህ ሸንጎ አልታየም። ሆኖም አንድ ነገር ተሠርቷል፤ በደሉ በአደባባይ ተነገረ፤ ተጻፈ። ያልተነገረ በደል እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፤ አመድ ይመስላል እንጂ አይጠፋም። ወንድማችን ሆይ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ፍርድ ሳይኖር እርዳታ ብቻ ሰውን አያስታርቅም። ነገር ግን ቤት ያቃጠለው ሰውዬ ልጅ እንጀራ ከጠየቀን፣ ልጁን በአባቱ ኃጢአት እንዲራብ አንፈርድበትም። ፍርዱ ለሸንጎ ነው፤ እንጀራው ለልጁ ነው።

መሬቱ የማን ነው?

ባል የሞተባት ሴት በድሮው ልማድ መሬት አትወርስም ነበር። የባሏ ወንድሞች ቢያስወጧት አቤት የምትልበት አልነበራትም። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሴት ባሏን ባጣችበት አገር፣ ልማዱ ቢቀጥል ኖሮ ግማሹ መሬት ያለ አራሽ በቀረ ነበር። ስለዚህ በ1999 ሴት ልጅ ከወንድ ልጅ ጋር እኩል እንድትወርስ ሕግ ወጣ። ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜም ከ10 ሚሊዮን በላይ ቁራሽ መሬት ተለክቶ ተመዘገበ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ስማቸው በወረቀቱ ላይ ሰፈረ። እኛ በዚህ አገር አፓርታማ ስንገዛ ስማችን ታቡ ላይ እስኪጻፍ ድረስ እንቅልፍ እንደሌለን ሁሉ፣ የሩዋንዳ ገበሬም ወረቀቱን ሲይዝ ነው እርከን ለመሥራትና ዛፍ ለመትከል ልቡ የተነሣው። ነገ የሚነጠቀውን መሬት ማን ያለማዋል?

ይህንንም ተከትሎ ሴቶች በአመራር ገቡ። የ2003ቱ ሕገ መንግሥት ቢያንስ 30 በመቶው የአመራር ቦታ የሴቶች እንዲሆን ደነገገ። በ2008 በተደረገው ምርጫ የሩዋንዳ የተወካዮች ምክር ቤት በዓለም የመጀመሪያው ሴቶች የሚበዙበት ምክር ቤት ሆነ። እናቶቻችን ይህን እንድታስቡበት እንፈልጋለን። ገንዘቡን የምታዋጡት አብዛኛዎቹ እናንተ ናችሁ፤ በኮሚቴያችን ውስጥ ግን ቁጥራችሁ ትንሽ ነው። ይህ የእኛ ጥፋት ነው።

ቡናው

ስለ ቡና ለእናንተ መንገር ድፍረት ነው፤ ግን ስሙን። የሩዋንዳ ገበሬ ድሮም ቡና ይተክል ነበር። የሚሸጠው ግን በእጁ ፈልፍሎ በቤቱ ያደረቀውን ተራ ቡና ስለሆነ ዋጋው የወደቀ ነበር። በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት ሲፈርስ ዋጋው ጨርሶ ተንኮታኮተ፤ ከመዓቱ በፊት ለነበረው ችግርና ምሬት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ1999 በደቡብ ሩዋንዳ ማራባ በተባለ ቦታ 220 ያህል ገበሬዎች አባሁዛሙጋምቢ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በ1994 ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች ነበሩ። ከሩዋንዳ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲና ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በመጡ ባለሙያዎች እርዳታ በ2001 የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተሠራላቸው። ሥራው እንዲህ ነው፤ ቀይ እሸት ብቻ ይለቀማል፤ በዚያው ቀን ወደ ጣቢያው ይደርሳል፤ ይፈለፈላል፤ በውኃ ይታጠባል፤ በቆጥ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ሴቶቹ ከበው ተቀምጠው ፍሬውን በእጃቸው ይለቅማሉ። ቡናው ያው ቡና ነው፤ ዋጋው ግን ተለወጠ። በ2003 የማራባ ቡና በእንግሊዝ አገር ትልልቅ ሱቆች ይሸጥ ነበር። የማኅበሩ አባላትም ወደ 2,000 ደረሱ። በአገሩ በ2000 ገደማ ከአንድ ሁለት የማይበልጡት የማጠቢያ ጣቢያዎች በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 200 ደረሱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ገንዘቡ ከፍ ያለው አዲስ ነገር ስለተተከለ አይደለም፤ ሰዎች የነበራቸውን አሳምረው በአንድነት ስለሸጡ ነው። በማጠቢያው ጣቢያ ባሏ የተገደለባትና ባሏ በግድያ የታሰረባት ሴት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው አንድ ቡና ይለቅሙ ነበር። መጀመሪያ አይነጋገሩም ነበር ይባላል። ቡናው ግን የጋራ ስለሆነ ውሎ አድሮ መነጋገር ግድ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ይኸው ነው።

ላሟ፣ ደቦውና ሕክምናው

በ2006 "ጊሪንካ" የተባለ ሥራ ተጀመረ። ለያንዳንዱ ድሃ ቤተሰብ አንድ ላም ይሰጣል። ላሟ ስትወልድ የመጀመሪያዋ ጊደር ለሚቀጥለው ድሃ ጎረቤት ትሰጣለች። የእኛ አባቶች የርቢ ከብት ሲሰጣጡ እንደነበረው ያለ ነገር ነው። ወተቱ ለልጆች፣ ፍጉ ለማሳ፣ ጥጃዋ ለጎረቤት። በዚህ መንገድ ከ400 ሺህ በላይ ላሞች ተዳርሰዋል። ተቀባዩ ሰጪ የሚሆንበት እርዳታ ነው፤ ሰውን ከተመጽዋችነት አውጥቶ ባለ ውለታ ያደርገዋል።

በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ደግሞ ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለው ሰው ሁሉ "ኡሙጋንዳ" ይወጣል፤ ደቦ ማለት ነው። መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ትምህርት ቤት ያድሳል። ይህ ነገር ግን ሌላም ታሪክ አለው። በ1994 ገዳዮቹ ሕዝቡን ለግድያ ሲጠሩ "ሥራ" ብለው ይጠሩት ነበር፤ ለደቦ የተዘረጋውንም መዋቅር ተጠቅመውበታል። መልካም ልማድ በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከዚህ እንማራለን። ኋላ በ1998 ልማዱን ከዚያ ጥላሸት አጥበው እንደገና አስጀመሩት።

ሕክምናውን በተመለከተ ከ1999 ጀምሮ ሙከራ ተደርጎ ከዚያ በመላው አገር የተዘረጋ የመዋጮ ጤና መድን አለ። እንደ እኛ ኩፓት ሆሊም ቁጠሩት። ቤተሰቡ እንደ አቅሙ በዓመት ያዋጣል፤ የደኸየው ይከፈልለታል። በዚህም ከአሥር ሰው ስምንቱ የማያንስ ዋስትና አግኝቷል። በ1994 ዓ.ም. መዓት ጊዜ የአንድ ሩዋንዳዊ አማካይ ዕድሜ ከ30 ዓመት በታች ወርዶ ነበር፤ በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ ወደ 70 ዓመት ተጠግቷል።

ከካርሜል እስከ ሩዋማጋና

አሁን ወደ ራሳችን ልጆች እንመለስ። በካርሜል ተራራ ላይ የሚን ኦርድ የሚባል ክፋር ኖዓር እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ልጆቻችሁን ያሳደጋችሁበትም አላችሁ። በ1953 የተመሠረተ ሲሆን፣ የተሰየመው በ1941 አፄ ኃይለ ሥላሴን ወደ ዙፋናቸው ለመመለስ በጎጃም በኩል ጦር ይዞ በገባው በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ስም ነው። ወላጆቻቸውን በሱዳን መንገድ ያጡ፣ ወይም ወላጆቻቸው ወደ ኋላ የቀሩባቸው ብዙ ልጆቻችን በዚያ አድገዋል።

በደቡብ አፍሪካ ተወልዳ በአሜሪካ የኖረች አን ሄይማን የተባለች አይሁዳዊት፣ በ2005 ስለ ሩዋንዳ የተደረገ ንግግር ሰምታ፣ "እስራኤል ከሾአ በኋላ ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገችበት የወጣቶች መንደር ለእነዚህስ ለምን አይሠራም?" ብላ ተነሣች። የሚን ኦርድን አርአያ አድርጋ በምሥራቅ ሩዋንዳ በሩዋማጋና ወረዳ አጋሆዞ ሻሎም የተባለውን መንደር በ2008 መጨረሻ ከፈተች። አጋሆዞ እንባ የሚታበስበት ቦታ ማለት ሲሆን ሻሎምን ታውቁታላችሁ። በመንደሩ 500 ያህል ልጆች በቤተሰብ በቤተሰብ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ቤት እናት ተሰጥቶት ይኖራል። ብዙዎቹ እናቶች ልጆቻቸውን በ1994 ያጡ ናቸው። በየሚን ኦርድ ያደጉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በመጀመሪያው ጊዜ ወደዚያ ሄደው ከልጆቹ ጋር ኖረዋል። ትናንት ራሳቸው የሚረዱ የነበሩ ልጆቻችን ረጂ ሆኑ ማለት ነው። ይህን በሰማን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

በ2014 ደግሞ በዚያው መንደር መሬት ላይ ከ28 ሺህ በላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ተተክለው 8.5 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ለአገሩ መስጠት ጀመሩ። መንደሩ ከመሬቱ ኪራይ ገቢ ያገኛል። አን ሄይማን በ1914 ሳይሆን በዚያው በ2014 መጀመሪያ ከፈረስ ወድቃ ሞተች፤ ሥራዋ ግን ቆሞ ይታያል።

ሁሉም ማር ነው ወይ?

ወገኖቻችን፣ የሰማችሁትን ሰምታችሁ ሩዋንዳ ገነት ናት ብላችሁ እንድትሄዱ አንፈልግም። ድህነት ቀንሷል፤ በመንግሥቱ ጥናት መሠረት በ2001 ከመቶው 59 ያህል የነበረው ድሃ በ2011 ወደ 45 ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ባሉት አኃዞች ላይ ግን ምሁራን ተከራክረዋል፤ የአቆጣጠሩ ዘዴ ተለውጧል የሚሉ አሉ። የኪጋሊ ከተማ ንጽሕና ቢያስደንቅም የገጠሩ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፤ የሚዘራውን ባለሥልጣን የሚመርጥለት ጊዜም ነበር። ፖል ካጋሜ ከ2000 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በ2024ቱ ምርጫ 99 በመቶ ድምፅ እንዳገኙ ተነግሯል። የተቃወሙ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። በጃንዋሪ 2025 ኤም 23 የተባለው ታጣቂ ቡድን የኮንጎን ከተማ ጎማን ሲይዝ፣ የሩዋንዳ ጦር ከጎኑ እንደቆመ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ጽፈዋል፤ የሩዋንዳ መንግሥት ይክዳል። የራሱን ቤት እየሠራ የጎረቤቱ ቤት የሚነድ ከሆነ ሥራው ሙሉ አይደለም። ሰው በፍርሃት ዝም ሲል ሰላም ይመስላል፤ ዝምታና ሰላም ግን አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ጥሩውን እንወስዳለን፤ ክፉውን ለይተን እንተዋለን።

እኛስ ምን እናድርግ?

እኛ መንግሥት አይደለንም። ግብር አንሰበስብም፤ መንገድ አንሠራም። ያለን በየወሩ ከደመወዛችን የምንቆርጣት ጥቂት ሸቀል ናት። እርሷንም በብልሃት ካዋልናት ትንሽ አይደለችም። በዚህ መሠረት የሚከተለውን ሐሳብ ለውሳኔያችሁ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለአስቸኳይ ምግብና መድኃኒት የሚውለው ይቀጥል፤ የተራበ ሰው ዘር ቢሰጡት ይቆረጥመዋልና። ነገር ግን ቢያንስ ሲሶው ተለይቶ ለሥራ ይዋል፤ ለዘር፣ ለበሬ፣ ለበግ፣ ለልብስ መስፊያ መኪና፣ ለልጅ ትምህርት።

ሁለተኛ፣ ምን እንደሚገዛ ከዚህ ሆነን አንወስን። በስፍራው ያሉት ዘመዶቻችን ተሰብስበው ይምረጡ፤ የሚመርጡትም ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ተኩስ ባልቆመበት ስፍራ ላም መግዛት ለዘራፊ መግዛት ነው፤ የት ምን እንደሚበጅ የሚያውቀው የቦታው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ የተቀበለ ይስጥ። በግ የተሰጠው ሰው የመጀመሪያዋን ግልገል ለጎረቤቱ ይስጥ። ጎረቤቱ በቋንቋ ወይም በሃይማኖት ሌላ ቢሆንም ይስጥ። ለወንድማችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

አራተኛ፣ የገባውና የወጣው ሒሳብ በየሦስት ወሩ በዚህ ጋዜጣ ላይ በአማርኛና በዕብራይስጥ ይውጣ። መተማመን በሌለበት ምንም እንደማይሠራ ከሩዋንዳ አይተናል፤ ከራሳችን እንጀምር።

አምስተኛ፣ ሦስት እናቶች ወደ ኮሚቴያችን እንዲገቡ ዛሬ ማታ ይመረጡ። መቀነታቸውን ፈትተው ጥያቄውን ያመጡት እናታችን ከመካከላቸው አንዷ እንዲሆኑ እንጠይቃለን። አሁን ከኋላ ተቀምጠው እያየናቸው ነው፤ እምቢ እንዳይሉን።

እናታችን፣ "የፈረሰው ቤት በምን ይሠራል?" ላሉን መልሳችን እንዲህ ነው። በአንድ ጊዜ አይሠራም፤ በአንድ ሰውም አይሠራም። በዘር ይጀመራል፤ በፍርድ ይጸናል፤ በሴቶች እጅ ይቆማል፤ የተቀበለው ለሌላው ሲሰጥ ደግሞ ጣሪያው ይከደናል። ሩዋንዳውያን ከዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል ተነሥተው ዶማ ካነሡ፣ እኛ በዚህ አገር ተቀምጠን፣ ደመወዝ እየበላን፣ አንችልም የምንልበት አፍ የለንም።

ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የማይስማማም በግልጽ ይናገር፤ ከዚያ በኋላ እጅ በማውጣት እንወስናለን። የአገራችንን ሰላም እግዚአብሔር ያምጣልን፤ ለሁላችንም ጤና ይስጠን። ሻሎም!